የሰሜን ብርሃንን ለማየት ወደ አቢስኮ

የሰሜን ብርሃን ወይም አውሮራ የሚፈጠረው፣ ከፀሐይ የሚወረወሩ ኤሌክትሪክ አዘል ቅንጣቶች በምድር መግነጢሳዊ መስክ እየተመሩ ወደ ዋልታው አካባቢ ሲደርሱና 100 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ካሉት ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ ሲሆን፣ በብዛት የሚታየው አረንጓዴ ቀለም ከኦክስጅን የሚመነጭ ነው። ተጓዡን ከሁሉ በላይ የሚፈታተነው ግን ደመና ነውና፣ በሰሜን ስዊድን የምትገኘው አቢስኮ፣ በስተምዕራብ ያሉት ተራሮች እርጥቡን አየር ስለሚያስቀሩላት፣ በባሕር ዳር ካለችው የኖርዌይዋ ትሮምሶ ይልቅ የጠራ ሰማይ ታገኛለች። በሰኔ በዚያ ፀሐይ ጨርሶ ስለማትጠልቅ፣ ጉዞው ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ባለው ጊዜ ቢታቀድ ይመረጣል፤ በስቶክሆልም ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የሌሊቱ ባቡር መንገዱን ያቀልላቸዋል። ለአንድ ሌሊት ብቻ ያን ያህል ርቆ መሄድ አያዋጣም፤ ሦስት ወይም አራት ሌሊት መያዝ፣ የካሜራ ባትሪም በብርድ ቶሎ ስለሚደክም መለዋወጫውን ከካፖርት ሥር፣ ከገላ አስጠግቶ ማቆየት ያስፈልጋል።