በወግዲ ዳገት አንድ ሊትር ናፍጣ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል?

በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው ወግዲ ወረዳ በአንድ ወገን ደጋ፣ በሌላ ወገን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ቆላ ነው። የአጎራባቹ ቦረና ወረዳ ከተማ የሆነችው መካነ ሰላምም ከደሴ ጋር የምትገናኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለውን የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ በሚያልፍ መንገድ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው፣ የግብርና ባለሙያውን ወደ ቀበሌ የሚወስደው፣ የትምህርት ሱፐርቫይዘሩንም ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚያዘዋውረው በአብዛኛው በናፍጣ የሚሠራ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክ አፕ ተሽከርካሪ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የአንድ ተሽከርካሪ የነዳጅ አጠቃቀም የሚለካው በአንድ ሊትር በሚጓዘው ኪሎ ሜትር ነው። አስቀድሞ አንድ መጠን ይወሰናል፤ በዚያው መሠረት ነዳጅ ይመደባል፤ በወሩ ማብቂያም የተጓዘው ርቀት ከተቀዳው ሊትር ጋር ይመሳከራል። ሁለቱ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ በቅድሚያ ጥያቄ የሚነሳው በሹፌሩ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የልዩነቱ ምንጭ የሹፌሩ ጥፋት ሳይሆን አስቀድሞ የተወሰነው መጠን ራሱ ሊሆን እንደሚችል ቀላል ስሌት ያሳያል።

የፋብሪካው ቁጥር ከየት ይመጣል?

በተሽከርካሪ መግለጫ መጽሐፍ ላይ የሚታየው የነዳጅ ፍጆታ በቤተ ሙከራ የተለካ ነው። በአውሮፓ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የሙከራ ሥርዓት ተሽከርካሪው በሚሽከረከሩ የብረት በርሜሎች ላይ ቆሞ ለ20 ደቂቃ ያህል 11 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲጓዝ የሚያደርግ ነበር። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በሙከራው ውስጥ ዳገት፣ ጠጠርም ሆነ ጭቃ አልነበረም።

ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት በአውሮፓ የቤት መኪናዎች ላይ ባካሄደው ጥናት በቤተ ሙከራው ውጤትና በመንገድ ላይ በተመዘገበው ፍጆታ መካከል ያለው ልዩነት እ.ኤ.አ. በ2001 ከ10 በመቶ በታች እንደነበር፣ በ2015 ግን ወደ 40 በመቶ ገደማ ከፍ ማለቱን አመልክቷል። በዚህም ሳቢያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ረዘም ያለና ፍጥነቱ ከፍ ያለ አዲስ የሙከራ ሥርዓት ሥራ ላይ ውሏል። አዲሱ ሥርዓትም ቢሆን የሚለካው በሜዳ ላይ እንደሚደረግ ጉዞ ተቆጥሮ ነው። የአውሮፓ አስፋልት ላይ የሚነዳ ሰው ያላገኘውን ቁጥር በወግዲ መንገድ የሚነዳ ሹፌር እንዲያገኘው መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

የዳገቱ ዋጋ በሊትር ሲሰላ

አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ይዟል። ከዚህ ውስጥ ከሙቀትና ከሰበቃ ተርፎ ጎማውን ለማሽከርከር የሚውለው 30 በመቶ ገደማ ነው። ተሳፋሪዎችንና መጠነኛ ጭነትን ጨምሮ 2 ሺህ 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክ አፕ 1 ሺህ ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ ክብደቱን ለማንሳት ብቻ 24.5 ሜጋ ጁል ያስፈልገዋል። ይህም በናፍጣ ሲተመን 2.3 ሊትር ይሆናል። ከደጋው ጫፍ እስከ ዓባይ ዳርቻ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1 ሺህ ሜትር በላይ በመሆኑ ወደ ቆላ ቀበሌዎች ወርዶ የሚመለስ ተሽከርካሪ ይህን ዋጋ በእያንዳንዱ ጉዞ ይከፍላል።

“የወጣው ይወርዳልና ቁልቁለቱ ያካክሰዋል” የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። አባባሉ ትክክል የሚሆነው ቁልቁለቱ ለስላሳና ረጅም ሲሆን ብቻ ነው። ቁልቁለት ሊያተርፍ የሚችለው በዚያው ርቀት በሜዳ ላይ ይቃጠል የነበረውን ነዳጅ ያህል ነው፤ ከዚያ የሚተርፈው ኃይል በፍሬን ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በሜዳ ላይ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ፒክ አፕ 10 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን ገደላማ ቁልቁለት ሲወርድ ሊቆጥብ የሚችለው ቢበዛ 0.8 ሊትር ነው። ያንኑ መንገድ ሲወጣ ግን ተጨማሪ 2.3 ሊትር ያቃጥላል።

የመንገዱ ወለልም የራሱ ድርሻ አለው። በጥሩ አስፋልት ላይ ጎማ ለመንከባለል የሚያጋጥመው ተቃውሞ ከተሽከርካሪው ክብደት መቶኛ አንድ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን፣ በጠጠር መንገድ ላይ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ተቃውሞው በክብደቱ አንድ በመቶ ብቻ ሲጨምር በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ 2.3 ሊትር ተጨማሪ ናፍጣ ይጠይቃል። በሌላ አነጋገር 100 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ለሞተሩ የ1 ሺህ ሜትር ዳገት ያህል ሊከብደው ይችላል። በክረምት ወራት መረሬ አፈር ሲረጥብ ጎማው እየተንሸራተተና አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረው ማርሽ እየገባ የሚደረገው ጉዞ ደግሞ ከዚህም በላይ ይፈጃል።

ከላይ የተጠቀሱትን አኃዞች በአንድ የመስክ ጉዞ ላይ ማየት ይቻላል። ደርሶ መልሱ 60 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደላማ ቁልቁለትና ዳገት ያለበት የጠጠር መንገድ ለምሳሌ ይወሰድ። ጉዞው በአስፋልት ሜዳ ላይ ቢሆን 5 ሊትር ይበቃው ነበር። ዳገቱ 2.3 ሊትር ይጨምራል፤ ቁልቁለቱ 0.8 ሊትር ይቀንሳል፤ ጠጠሩ 1.4 ሊትር ይጨምራል። ድምሩ 7.9 ሊትር ሲሆን፣ ይህም በሊትር 7.6 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። 500 ኪሎ ግራም ተጨማሪ ጭነት ተጭኖበት ዳገቱን ሲወጣና ስብሰባ እስኪያልቅ ሞተሩ ሳይጠፋ አንድ ሰዓት ሲቆም ፍጆታው ወደ 9 ሊትር ይጠጋል፤ በሊትር የሚጓዘውም ከ7 ኪሎ ሜትር በታች ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተሰረቀ አንድም ሊትር የለም።

ከፍታና የሞተር ዓይነት

በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። በቀድሞዎቹ የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክ አፖች ላይ የነበረው አምስት ኤል ሞተርና የላንድ ክሩዘሩ ባለ 4.2 ሊትር አንድ ኤች ዜድ ሞተር ቱርቦ የሌላቸው በመሆናቸው የአየር እጥረቱ በቀጥታ ይነካቸዋል። ኃይላቸው ይቀንሳል፤ ሹፌሩም ዝቅተኛ ማርሽ ይዞ ለረጅም ጊዜ ነዳጅ እየሰጠ ይወጣል። የነዳጅ ፓምፑ ለቆላ በተስተካከለበት መጠን መርጨቱን ከቀጠለ ያልተቃጠለው ትርፍ በጥቁር ጭስ መልክ ይወጣል። በአንጻሩ ዲ ፎር ዲ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሃይሉክሶች በቱርቦ ስለሚታገዙ የአየሩን እጥረት በከፊል ይቋቋማሉ።

በመሆኑም ሁለቱን የሞተር ዓይነቶች በአንድ መጠን መመዘን ለአንደኛው ከሚገባው በላይ መስጠት፣ ከሌላው ደግሞ የማይቻለውን መጠየቅ ይሆናል።

አንድ መጠን ለሁሉም ሲሆን

መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ የማንሳት አሠራር በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ናፍጣ የመሸጫ ዋጋ 49 ብር ገደማ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ወደ 99 ብር ደርሷል። በዚህ ዋጋ ሲሰላ የስሌት ስህተት ቀላል አይደለም።

አንድ ጽሕፈት ቤት ለ1 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ወርኃዊ ጉዞ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ሒሳብ 150 ሊትር ቢመድብና ተሽከርካሪው በእርግጥ የሚጓዘው 7.6 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ነዳጁ የሚያልቀው 1 ሺህ 140ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የሚቀረው 360 ኪሎ ሜትር ባለ 60 ኪሎ ሜትር ስድስት የመስክ ጉዞ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰረዙትም ሩቅና ነዳጅ የሚበሉት የቆላ ቀበሌዎች ጉዞዎች ይሆናሉ። የተሳሳተው ቁጥር በመዝገብ ላይ የተሽከርካሪ ጉዳይ ይምሰል እንጂ በተግባር ክትባትና የባለሙያ ድጋፍ ሳይደርሰው የሚቀር ቀበሌ ጉዳይ ነው።

ስህተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። ለወግዲ ዳገት ተብሎ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር የሚል መጠን ለሁሉም ቢወሰን፣ በሰሜን ወሎ የቆቦ ሜዳ አስፋልት ላይ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ ለዚያው 1 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ከ187 ሊትር በላይ ይመደብለታል። የሚፈጀው 125 ሊትር ብቻ ነው። በየወሩ ከ60 ሊትር በላይ ያለ ምንም ጥያቄ ሊጠፋ ይችላል፤ መዝገቡም ትክክል ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አንዱ ቁጥር በደጋው ያለውን ታማኝ ሹፌር ተጠርጣሪ ሲያደርግ በሜዳው ያለውን አባካኝ ይሸፍናል።

ትክክለኛውን መጠን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። የተሽከርካሪው ሳልባትዮ በአንድ ማደያ፣ በሜዳ ቦታ ላይ እስከ አፉ ይሞላል፤ ኪሎ ሜትሩም ይመዘገባል። ከጉዞ መልስ በዚያው ማደያ እስኪሞላ ድረስ የተቀዳው ሊትር በተጓዘው ርቀት ላይ ይመዘናል። አንድ ጊዜ የተገኘ ውጤት አያስተማምንም፤ በአንድ ዓይነት መንገድ ላይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ሊወሰድ ይገባል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም በመንገድ ዳር ካሉ የርቀት ምልክቶች ጋር መመሳከር አለበት። ከፋብሪካው መጠን የተለየ ጎማ የተገጠመለት ተሽከርካሪ የተጓዘውን ርቀት በትክክል አያሳይምና።

መጠኑ የሚወሰነው ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ በየመንገዱ ዓይነት ነው። ለአስፋልት፣ ለደጋ ጠጠር፣ ለቆላ ዳገትና ለክረምት ጭቃ አራት የተለያዩ አኃዞች መያዝ ለአንድ የስምሪት ክፍል ከባድ ሥራ አይደለም። የጉዞ መዝገቡም ከኪሎ ሜትር በተጨማሪ የሄደበትን መስመር፣ የጫነውን ጭነትና ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመበትን ሰዓት እንዲያሳይ ማድረግ ያስፈልጋል።

ምዝገባው በብር ሳይሆን በሊትር መሆን ይኖርበታል። በ2014 ዓ.ም. የተያዘ የብር መጠን በ2017 ዓ.ም. የሚገዛው ናፍጣ በግማሽ ቀንሷልና በብር ብቻ የተያዘ መዝገብ ፍጆታው ቢለወጥም ባይለወጥም አያሳይም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም መደረጉ የግዢውን ዕለትና ዋጋ ለማመሳከር ያግዛል።

መዝገቡ ለጥቂት ወራት ሲያዝ የልዩነቱን ምንጭ ይጠቁማል። ፍጆታው በሁሉም መንገዶች ላይ ከፍ ካለ ችግሩ የተሽከርካሪው ነው፤ የጎማ ንፋስ፣ የሚይዝ ፍሬን፣ የተበላሸ ኢንጀክተር ወይም የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ በጋራዥ ይመርመር። በአንድ መስመር ላይ ብቻ ከፍ ካለ መንገዱ ተበላሽቷል ማለት ነው። መንገዱም ተሽከርካሪውም ሳይለወጥ ከአንድ ሹፌር ወይም ከአንድ ማደያ ጋር ተያይዞ ብቻ ከፍ ካለ ግን ያን ጊዜ ጥያቄው ለሰው ይቀርባል።

የሹፌሩ አነዳድም ልዩነት ያመጣል። በአስፋልት ላይ ፍጥነት ሲጨምር የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ያድጋል፤ ስለዚህ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ይልቅ በ80 መንዳት ነዳጅ ይቆጥባል። ለመቆጠብ ብሎ በቁልቁለት ማርሹን ፎሌ ማድረግ ግን ስህተትም አደጋም ነው። ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጅ መርጨት ያቆማል፤ በፎሌ ግን ማቃጠሉን ይቀጥላል። ሸክሙን ብቻውን የሚሸከመው ፍሬንም ሊግልና አልይዝ ሊል ይችላል።

ቆጥቦ የሚነዳ ሹፌርም ቢሆን ዳገቱን አያስቀረውም። የወግዲና የመካነ ሰላም መንገዶች የሚጠይቁት ናፍጣ በተራራው ከፍታና በመንገዱ ወለል የሚወሰን እንጂ በደብዳቤ የሚቀነስ አይደለም። በደብዳቤ ሊስተካከል የሚችለው መለኪያው ነው። መለኪያው መንገዱን መስሎ ሲስተካከል ሩቅ የሆኑት ቀበሌዎች ጉብኝታቸውን አያጡም፤ የጠፋ ሊትር ካለም በዳገት ስም መደበቂያ አያገኝም።