የማይታየውን ሬዶን በሥራ ቦታ መከታተል

ሬዶን ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የሌለው ጋዝ ነው። በአፈርና በዐለት ውስጥ ያለው ዩራኒየም ቀስ በቀስ ሲፈራርስ ራዲየም፣ ከራዲየምም ሬዶን ይገኛል። በሜዳ ላይ ከነፋስ ጋር ተቀላቅሎ ይሳሳል፤ በወለል ስንጥቅ ዝግ ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ይከማቻል። በትንፋሽ ሲገባም ሳንባን በጨረር ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሲጋራ ቀጥሎ ከዋነኞቹ የሳንባ ካንሰር መንስኤዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

በጎረቤታችን ጉጂ ዞን ያለው የቀንጢቻ ታንታለም ማዕድን ዩራኒየምና ቶሪየም ስላለበት ለሠራተኞቹ የጨረር ጥበቃ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የማዕድን ቆፋሪዎች ብቻ አይደለም። በሬኮና በአካባቢው ባሉ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የመጋዘኑና የጥበቃ ክፍሉ በር ይዘጋል፤ ዘበኛውም እዚያው ያድራል። የክፍሉ አየር ከውጭው ሲሞቅ ከወለል በታች ያለውን ጋዝ ወደ ላይ ይስባል። በዝናብ ወራት ደግሞ አፈሩ ውኃ ሲጠግብ ጋዙ በሜዳው መውጫ አጥቶ ወደ ደረቁ የሕንፃ ሥር ሊያመራ ይችላል። ስለዚህ መለኪያው በደረቁም በዝናቡም ወቅት መቀመጥ ይኖርበታል።

ለእኛ አካባቢ የሚስማማው ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ ነው። በውስጡ ያለው ስስ ፕላስቲክ የጨረሩን ምልክት ይይዛል፤ ቢያንስ 3 ወር ቆይቶ በቤተ ሙከራ ይነበባል። በከሰል የሚሠራው መለኪያ ርጥበት ስለሚያዛባው ለዝናባማ ቦታ አይመረጥም። መለኪያው ከመስኮት፣ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ፣ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ይቀመጥ፤ የተቀመጠበትና የተነሣበት ቀንም ይመዝገብ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ለመኖሪያ ቤቶች ያሳሰበው መጠን በሜትር ኩብ አየር 100 ቤክረል ነው፤ ይህ ካልተቻለም ከ300 እንዳይበልጥ ይመክራል። ውጤቱ ከፍ ካለ የወለሉን ስንጥቅ መድፈን፣ ከላይና ከታች የአየር መተላለፊያ ማውጣት፣ የዘበኛውንም መኝታ ከዝጉ መጋዘን ማራቅ ይጠቅማል።

የሰበካ ጉባኤያትና ካህናት አባቶች ሦስት ነገሮችን እንዲያደርጉ እናሳስባለን፦ ሰው የሚያድርባቸውን ዝግ ክፍሎች ይቁጠሩ፤ ልኬቱን ከጨረራ ተቆጣጣሪው የመንግሥት አካል ጋር ይመካከሩበት፤ እስከዚያው ድረስም በየማለዳው በርና መስኮት እንዲከፈት ያድርጉ። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤትና የዘበኛ ማደሪያም ከቆጠራው አይቅሩ።