በአቧራ የተጋረዱ ጋላክሲዎች፦ ዐይን የማያየው ብርሃን የሚናገረው ታሪክ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በሚጠራበት በጥቅምት ወር፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ከአንገር ጉቲን ሸለቆ ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው ፍኖተ ሐሊብ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተዘርግታ ትታያለች። በመካከሏ የሚያልፈው ጥቁር ስንጥቅ ግን ባዶ ቦታ አይደለም። ከበስተጀርባው ያሉትን ከዋክብት የሚጋርድ የጋዝና የደቃቅ አቧራ ደመና ነው። አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱትም በዚሁ ዓይነት ጨለማ ደመና ውስጥ ነው።

ታዲያ የተጋረደው እንዴት ይታያል? በአመድ የተዳፈነ ፍም ለዐይን ባይታይም እጁን ላስጠጋ ሰው ሙቀቱ ይሰማዋል። የጠፈር አቧራም እንዲሁ ነው። የከዋክብቱን ብርሃን ውጦ በጥቂቱ ይሞቃል፤ የተቀበለውን ኃይልም ታህተ ቀይ በተባለ፣ ዐይን በማያየው ጨረር መልሶ ይለቃል። አብዛኛው የጋላክሲ አቧራ ከዜሮ በታች 240 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ የሚለቀው ጨረር ከሚታየው ብርሃን እጅግ የራቀው ነው፤ ሩቅ ታህተ ቀይ ይባላል።

ይህን ጨረር ከምድር ሆኖ መቀበል አዳጋች ነው። በአየር ውስጥ ያለው የውኃ ተን አብዛኛውን ስለሚውጠው፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ለሚገኘው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እንኳን አይደርስም። በዚህም ምክንያት መሣሪያዎቹ ወደ ጠፈር ይላካሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ፣ ኔዘርላንድስና ብሪታኒያ በጋራ ያመጠቁት ሳተላይት ሰማዩን ከሞላ ጎደል በሙሉ በታህተ ቀይ ጨረር ቃኘ። በ2009 ደግሞ አውሮፓውያን 3.5 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመለትን ኸርሼል የተባለውን ቴሌስኮፕ አመጠቁ። የራሱ ሙቀት የሩቁን ደካማ ጨረር እንዳይሸፍነው መሣሪያዎቹ ከ2,300 ሊትር በሚበልጥ ፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዙ ነበር። ሂሊየሙ በሚያዝያ 2013 ሲያልቅ የቴሌስኮፑም ምልከታ አበቃ።

እነዚህ ቅኝቶች ስለ ጋላክሲዎች የነበረውን ግንዛቤ ለውጠዋል። በዘመናት ውስጥ ከዋክብትና ጋላክሲዎች ካመነጩት ብርሃን ግማሽ ያህሉ በአቧራ ተውጦ በታህተ ቀይ ጨረር መልሶ መለቀቁ ታውቋል። በሚታየው ብርሃን ብቻ የተመራመረ ሰው የታሪኩ እኩሌታ ያመልጠዋል ማለት ነው። ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጣው ጨረር ቢሊዮን ዓመታት የተጓዘ ስለሆነ ያለፈውን ዘመን ያሳያል። ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጋላክሲዎች ከዛሬው በአሥር እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት ከዋክብትን ያፈሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ እየቀነሰ መጥቷል።

ለምን ቀነሰ የሚለው ጥያቄ አሁንም ያከራክራል። አንዱ መላምት በጋላክሲዎች እምብርት የሚገኙ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች የሚለቁት ኃይል ለከዋክብት መወለጃ የሚሆነውን ጋዝ እንደሚያሞቀውና እንደሚበትነው ይገልጻል። በኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሚርያና ፖቪችና ከሩዋንዳ የመጡ ተመራማሪዎች ይህንኑ መላምት በኸርሼል መረጃ ፈትሸው ውጤቱን በ2017 አሳትመዋል። ከዋክብት ማፍራታቸው እየተዳከመ ነው ተብለው ከሚታሰቡ፣ ግን በሩቅ ታህተ ቀይ ደምቀው ከሚታዩ ጋላክሲዎች መካከል፣ ንቁ ጥቁር ጉድጓድ ያላቸው ከሌላቸው ይልቅ ብዙ ከዋክብት ሲያፈሩ ተገኙ። ግኝቱ ጥቁር ጉድጓድ የከዋክብትን ልደት ሁልጊዜ እንደማያፍን፣ አንዳንዴም ሊያግዝ እንደሚችል ይጠቁማል።

ቴሌስኮፑ ሥራውን ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም የሰበሰበው መረጃ ለማንኛውም ተመራማሪ በነፃ ክፍት ነው። የራሷ የጠፈር ቴሌስኮፕ የሌላት አገርም የሠለጠነ ሰው፣ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካላት ከምርምሩ ልትሳተፍ ትችላለች።