የዱር እንስሳ ከነከሰዎት የእንስሳውን የምርመራ ውጤት አይጠብቁ

በጅማ ኪቶ ፉርዲሳም ሆነ በዙሪያው ባሉ የቡና ከተሞች ጅብ ማታ ወደ መንደር ይገባል፤ ቡና ለቃሚም ጫካ ውስጥ ቀበሮ ሊያጋጥመው ይችላል። ከተነከሱ በኋላ «እንስሳው ጤነኛ ይመስላል፣ እስኪ ትንሽ እንየው» ማለት ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

የእብድ ውሻ በሽታ እንዴት ይተላለፋል?

ቫይረሱ በታመመ እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል። በንክሻ፣ በቧጨራ ወይም ቁስል በመላስ ወደ ሰው ይገባል፤ ከዚያም በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ይታያል። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽተኛውን ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን መከላከል ይቻላል።

በዱር እንስሳት ላይ ሲጠረጠር ምን ይደረጋል?

እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎች በብዛት መሞት ጀመሩ። ባለሙያዎች ከሞቱት ናሙና ወስደው ሲያስመረምሩ የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ ተረጋገጠ። በሽታው ወደ ቀበሮዎቹ የሚገባው ከውሾች ነው። ባለሙያዎቹ ሁሉንም መከተብ ስለማይችሉ፣ በሽታው ሊያልፍባቸው በሚችሉ መተላለፊያዎች ያሉትን 70 ያህል ቀበሮዎች ይዘው ከተቡ፤ ሥርጭቱም ተገታ።

በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀው የሞተው እንስሳ አንጎል ሲመረመር ነው። በዓይን አይቶ «አላበደም» ማለት አይቻልም።

ከተነከሱ ምን ያድርጉ?

• ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ።
• በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ክትባቱን እስከ መጨረሻው ይውሰዱ፤ ቁስሉ ከደማ ቁስሉ ላይ የሚሰጥ ተጨማሪ መርፌ (ኢሚዩኖግሎቡሊን) ያስፈልጋል።
• የባህል መድኃኒት ክትባቱን አይተካም።
• እንስሳውን ለ10 ቀን መከታተል የሚሠራው ለውሻና ለድመት ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ክትባቱ ይጀመራል፤ እንስሳው ከ10 ቀን በኋላ ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ ሊያቆመው ይችላል። ለጅብና ለቀበሮ ይህ አይሠራም።
• የሞተውን እንስሳ በባዶ እጅ አይንኩ፤ ጭንቅላቱን አይምቱ። ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ።

ውሻ ካለዎት በየዓመቱ ያስከትቡ። የባሌን ቀበሮም የእርስዎን ልጅም የሚጠብቀው ይኸው ክትባት ነው።