በራዲዮ የሚሄድ ደብዳቤና ቃላቱ

ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ ይባላል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ነገር ለብዙዎች እንግዳ ስለ ሆነ፥ ምሳሌውን ከሩቅ ሳንፈልግ ከጉለሌ እንወስዳለን። ነገሩም አማተር የሚባሉት፥ ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ለትምህርትና ለሙያው ፍቅር ሲሉ በራዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች፥ የኢሜል ደብዳቤ በራዲዮ ሞገድ የሚልኩበት ዘዴ ነው። ከነዚህ ዘዴዎች በዓለም እጅግ የታወቀው ዊንሊንክ ይባላል።

በአገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር አለ። ጣቢያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፥ በአምስት ኪሎ ሲሆን፥ የጥሪ ምልክቱ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ነው። የጥሪ ምልክት ማለት የጣቢያው ስም ነው፤ «ኢ ቲ» የሚለው መነሻ ኢትዮጵያን ያመለክታል። በዊንሊንክ ይኸው ምልክት የኢሜል አድራሻ ሆኖ ስለሚያገለግል፥ አንድ ፊደል የሳተ ሰው ደብዳቤው ካሰበው ሰው አይደርስለትም።

አሁን ወደ ጉለሌ እንምጣ። በጉለሌ ተዳፋት ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው ከተማው ተዘርግቶ ይታየዋል። ወደ ሰሜን ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእንጦጦ ተራራ ይጋርደዋል። እጅግ አጭር የሆነው የራዲዮ ሞገድም እንዲሁ ነው፤ እንደ ዓይን በቀጥታ ስለሚሄድ ወደ ከተማው ይወርዳል እንጂ ከተራራው ጀርባ ወዳለችው ወደ ሱሉልታ ለመድረስ ይቸገራል። ለዚህ ሁለት መላ አለ። አንደኛው፥ ከተራራው ራስ ላይ የሰማውን መልሶ የሚያሰማ፥ ሪፒተር የተባለውን መሣሪያ ማቆም ነው። ሁለተኛው፥ ረዘም ያለውን ሞገድ ሽቅብ ልኮ ከላይኛው አየር እንዲመለስ ማድረግ ነው።

ፓኬት ማለት ጥቅል ነው። ደብዳቤው ተከፋፍሎ በትናንሽ ጥቅሎች ይላካል፤ እያንዳንዱም ጥቅል የመቆጣጠሪያ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ሒሳቡ ያልተስማማለት ተቀባይ «ድገምልኝ» ይላል። ሞደም ደግሞ ጽሑፉን ራዲዮ ሊሸከመው ወደሚችል ድምፅ ይለውጣል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለውም ድምፁን ወደ ጽሑፍ ይመልሳል።

ጌትዌይን ኬላ ብንለው ያስማማል። በአንድ ወገን ራዲዮ፥ በሌላው ወገን ኢንተርኔት ያለው ጣቢያ ነውና። በላኪው ከተማ ኢንተርኔት ቢቋረጥም፥ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ያለ ኬላ ደብዳቤውን ከአየር ተቀብሎ ያሳልፋል። ፒር ቱ ፒር ግን ያለ ኬላ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ፥ እጅ በእጅ መስጠት ነው።

የነዚህ የሁለቱ ቃላት ልዩነት ቀላል አይደለም። በኬላ በኩል ለሌላ የራዲዮ ጣቢያ የተላከ ደብዳቤ ተቀባዩ እስኪጠይቅ ድረስ በማዕከል ይጠብቃል። እጅ በእጅ ሲሆን ግን ተቀባዩ በዚያው ሰዓት መሣሪያውን ከፍቶ መጠበቅ አለበት። የጎርፍ አደጋ ደርሶ መድኃኒት የሚጠይቅ ወጣት ሹም «ላክ» ብሎ ብቻ ቢያዝ፥ በየትኛው መንገድ እንደ ሆነም ባይለይ፥ ደብዳቤው ሳይነበብ ሊያድር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን በመታ ጊዜ፥ የአሜሪካ ቀይ መስቀል 50 የአማተር ራዲዮ በጎ ፈቃደኞች እንዲሰጡት የጠየቀው፥ እንዲህ ያለው ሥራ ሙያ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ነው።

ለቢሮ ሠራተኛ ሁለት ማሳሰቢያ እንጨምር። በዊንሊንክ ከደብዳቤ ጋር የሚያያዘው ነገር ልኩ 120 ኪሎባይት ያህል ነው። ማኅተም የተመታበትን ወረቀት በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ እንዳለ ማያያዝ ስለዚህ አይሆንም፤ ቃሉን ጽፎ መላክ ይበጃል። ደግሞም የአማተር ጣቢያዎች ከአገር ወደ አገር ሲጻጻፉ ትርጉሙን ለመሰወር በምሥጢር ቁልፍ መጻፍ በዓለም አቀፍ ደንብ ክልክል ነው። ስለዚህ የበሽተኛን ስም ወይም የመሥሪያ ቤትን ምሥጢር በዚህ መንገድ መላክ አይገባም።

ባዕድ ቃል በዛ ብሎ መሥጋት ግን አያስፈልግም። ስልክ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ነው። ዛሬ «ገመድ አልባ ስልክ» ስንል ሽቦ የሌለው ሽቦ ማለታችን ቢሆንም የሚደናገር የለም፤ ተናጋሪውና ሰሚው በአንድ ትርጉም ተስማምተዋልና። ይህ ስምምነት ግን አደጋ በደረሰ ሰዓት አይገኝም። ራዲዮን የሚማር ተማሪም ሆነ በራዲዮ የሚገለገል መሥሪያ ቤት፥ ኬላውንና እጅ በእጁን፥ ጥቅሉንና ልኩን ዛሬ ጽፎ ከመሣሪያው አጠገብ ቢለጥፍ፥ በጭንቅ ሰዓት የሚታዘዘውና የሚላከው አንድ ይሆናል።