የቡላ ዋጋ ከኤአይ አይጠየቅም

እስቲ ሆሳዕና ላይ ቡላና ቆጮ የምትነግድ አንዲት ሴት እናስብ። ደንበኞቿ ግማሾቹ አዲስ አበባ ናቸው። ትእዛዝ በቴሌግራም ይመጣል፣ ብር በቴሌብር ይገባል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ይጫናል። ዱቤው ግን ዛሬም ጠርዙ በተቀዳደደ ደብተር ነው። አንድ ቀን ልጇ ስልኩን ይዞ መጣና «እማዬ፣ እኛም ኤአይ እንጠቀም» አላት።

«ለምኑ?» አለችው። ወዳጆቼ፣ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም!

ኅዳር 2015 ቻትጂፒቲ ከወጣ ወዲህ በየስልካችን የገባው ኤአይ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ከመዓት ጽሑፍ ይማርና ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይገምታል። ግምቱ አንዳንዴ አፍ ያስከፍታል። ቢሆንም ግምት ነው፤ ሲሳሳትም ሳይንተባተብ ነው። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስህተቱን በቶሎ አየዋለሁ ወይ?

ማስታወቂያ ይጻፍላት። «ለያሆዴና ለመሳላ በዓል የሚሆን ነጭ ቡላ አለኝ፣ ሐሙስ ይላካል» ብላ ብትነግረው ሦስት ዓይነት አድርጎ ያመጣላታል። አንብባ ለመምረጥ አንድ ደቂቃ ይበቃታል። ከራሱ ኪስ «ለስኳር በሽታ ፍቱን» የምትል ነገር ጣል ካደረገባት ትሰርዛታለች፣ አለቀ።

«ዛሬ ቡላ በኪሎ ስንት ዋለ?» ብትለውስ? መልስ አያጣም፤ ጉዱም እሱ ነው። የሆሳዕናን የዛሬ ጠዋት ገበያ ማን ጽፎለት ያውቃል? ከዶዮገና ስንት ጭነት እንደገባ የምታውቀው አጠገቧ ሸራ ዘርግታ የተቀመጠችው ሴት ናት። ለዚያውም በነፃ፣ ከወሬ ጋር።

ደብተሩን ፎቶ አንስቶ «ደምርልኝ» ማለት ደግሞ ሁለት ጣጣ አለው። በእስክሪብቶ የተጫረችውን 7 እንደ 1 ካነበባት 1,700 ብር 1,100 ይሆናል። ያን ለማግኘት ገጹን ከላይ እስከ ታች እንደገና መደመር አለባት። ታዲያ ምኑን ተገላገለች? የሁለት መቶ ብሯ ካልኩሌተር ይሻላል። ሌላው የሰው ስም ነው። የጎረቤት ዕዳ የት እንደሚቀመጥ ወደማታውቁት ቦታ አይላክም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም እንዲህ ያለውን መረጃ ለመጠበቅ ነው።

ትርጉም ላይ ነገሩ ይጣፍጣል። ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ያደገ የእህቷ ልጅ ዕቃ ሊቀበል መጣ እንበል። «መኪናው ጠዋት በ3 ሰዓት ይነሳል» የሚለውን ኤአይ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው 3ን እንዳለች ሊተዋት ይችላል። ልጁ በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ ገና ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ በር ላይ ይንቀጠቀጣል፤ መኪናው የሚነሳው በእሱ አቆጣጠር 9 ላይ ነው። እንግሊዝኛ ለማታነብ እናት ይህ ስህተት አይታይም።

የአካባቢው ቋንቋዎች ሀዲይሳና ከምባቲሳማ በኢንተርኔት ላይ የተጻፈላቸው ትንሽ ስለሆነ ግምቱ እዚያ ይበልጥ ይደናቀፋል። የሚገርመው ግን እሷን አያታልላትም። ልጇ «በሀዲይሳ ጻፍልን» ብሎ ያወጣውን ጮክ ብሎ ሲያነብላት ሁለተኛው ቃል ላይ ሳቋ ይፈነዳል። «ስጠኝ ስልኩን» ብላ በድምፅ መልእክት ራሷ ትናገረዋለች።