የቡና ገለፈትና የካታሊስት ዕድሜ

በመቱ፣ በሁሩሙና በያዮ ዙሪያ ጀንፈል ቡና ሲፈለፈል የሚወጣው ገለፈት በክብደት ከንጹሑ ቡና ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመፈልፈያው አጠገብ ተከምሮ ይበሰብሳል ወይም ይቃጠላል። ኬሚስት ግን ክምሩን በዋናነት የሚያየው በሴሉሎስ፣ በሄሚሴሉሎስና ሁለቱን አጣብቆ በሚይዘው ሊግኒን መልክ ነው።

ካታሊስት የኬሚካል ለውጥን እያፋጠነ ራሱ የማያልቅ ንጥረ ነገር ነው። አሲድ በዚሁ አገልግሎቱ ሄሚሴሉሎስን በሙቅ ውሃ ውስጥ ወደ ዛይሎዝ ስኳር ይበትነዋል፤ ከዛይሎዙ ደግሞ ሦስት የውሃ ሞለኪውሎች ሲወጡለት የሞተር ዘይት ለማጣራትና የብረታ ብረት ማቅለጫ አሸዋን ለሚያያይዝ ሙጫ የሚያገለግለው ፉርፉራል ይገኛል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ኩዌከር ኦትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1922 እ.ኤ.አ. በሲዳር ራፒድስ ከአጃ ገለባ፣ በሰልፈሪክ አሲድና በእንፋሎት፣ ፉርፉራልን ለገበያ ማምረት ጀምሯል።

ሰልፈሪክ አሲድ ብረት ስለሚበላና ከዝቃጩ መልሶ ለመለየት ስለሚያስቸግር፣ ተመራማሪዎች ተጣርተው ደግመው ወደሚሠሩት ጠጣር አሲዶች፣ በተለይም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወዳሉት የሲሊከንና የአሉሚኒየም ውህድ፣ ወደ ዚዮላይት፣ ዞረዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከኢትዮጵያ ካኦሊን ዚዮላይት ሠርተዋል፤ ይሁንና ከካኦሊን በቀላሉ የሚገኘው ዓይነት ይበልጥ የሚታወቀው ውሃን በማለስለስ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው በንጹሕ ዛይሎዝ የተፈተነው ካታሊስት እውነተኛውን ገለፈት ሲያገኝ ነው። የቡና ገለፈት ፖታሲየም ይበዛበታል፤ ፖታሲየሙም የዚዮላይቱ አሲድነት ምንጭ በሆነው ሃይድሮጂን ቦታ ይገባል። ከስኳሩ የሚፈጠረው ጥቁር ዝቃጭ ቀዳዳዎቹን ቢደፍንም በአየር ሲቃጠል ይለቃል፤ ፖታሲየም ግን በእሳት አይወጣም። ስለዚህ ካታሊስትን በመጀመሪያው ዙር ምርቱ ብቻ የሚያሞግስ ዘገባ ለፋብሪካ እምብዛም አይጠቅምም፤ ሊጠየቅ የሚገባው በዚያው ገለፈት ላይ ደጋግሞ ከሠራ በኋላ ምን ያህል ኃይል እንደቀረው ነው።

ገለፈት ቀላልና ቦታ የሚይዝ በመሆኑ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ መሄዱ አያዋጣም፤ ፉርፉራሉ እዚያው መቱ አካባቢ ቢሠራ ግን የሚጓዘው ፈሳሹ ብቻ ይሆናል። ፖታሲየሙ በአብዛኛው በውሃ ስለሚሟሟ ገለፈቱን አስቀድሞ ማጠቡ፣ ካታሊስቱን ደጋግሞ ከመለወጥ ይልቅ ሳይረክስ አይቀርም። እጣቢው ስኳርና ታኒን ስለሚሸከምና በወንዝ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚያሟጥጥ ወደ ሶር ወንዝ ሊለቀቅ አይገባም፤ በጉድጓድ ከረጋና ከታከመ በኋላ ግን ፖታሲየሙ ለቡና ማሳ ማዳበሪያ ሊሆን ይችላል።